ጭሮ በስድስት ቁጥር

ከአዲስ አበባ ወደ ሐረር የሚሄድ መንገደኛ አዋሽን ተሻግሮ፣ የሚኤሶን ቆላ ጨርሶ፣ አውቶቡሱ የጨርጨርን ዳገት መቧጠጥ ሲጀምር ጆሮው ድፍን ይላል። ከዳገቱ በኋላ የምትገኘው ከተማ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን መቀመጫ ናት። በዕድሜ የገፋው አሰበ ተፈሪ ይላታል፣ ወጣቱ ጭሮ። የስሟ ጣጣ ግን እዚህ አያበቃም። ግዕዝ የቀመሰ ሰው ካገኛችሁ «ዐስብ ማለት እኮ ዋጋ ነው» ብሎ በዐይኑ ዐ እና በሳድሱ ስ «ዐስበ ተፈሪ» ይላችኋል። ጭሮንም በእንግሊዝኛ ካርታ ላይ ያነበባት ሁሉ «ቺሮ» ይላታል። በቁቤ፣ ማለትም በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ አጻጻፏ ግን የመጀመሪያዋ ሆሄ ‹ጭ› ተብላ የምትነበበዋ ናት፤ ‹ች› ቢሆን ኖሮ አንድ ሆሄ ይጨመር ነበር። ስለዚህ እኔ «ጭሮ» ብዬ እቀጥላለሁ።

ከተማዋን ከተማ ያደረጓት፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ በነበሩበት ዘመን ጨርጨርን ያስተዳደሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ሩሲያ መድፈኝነት ተምረው የመጡ፣ የአውሬዎችን ተረት መድረክ ላይ አውጥተው የመጀመሪያውን ዘመናዊ ተውኔት የጻፉ፣ በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። በእሳቸው ዘመን የከተማዋን ስም የሚጽፈው ጸሐፊ በብዕርና በቀለም ነበር። የእጅ ጽሑፍ ደግሞ ቸር ነው፤ ጸሐፊው አልፋውን አ ቢያደርግ ዐይኑን ዐ፣ አንባቢው ሳያጉረመርም ያነብለታል። ማሽን እንዲህ ያለ ይሉኝታ የለውም።

ወደዚህ አካባቢ የመጀመሪያው ማሽን የመጣው ከምሥራቅ ነው። ሐረር ላይ የካቶሊክ ሚሲዮን ማተሚያ እ.ኤ.አ. በ1905 ጋዜጣ ማተም ጀመረ፤ ኋላም ማተሚያው ባቡር ወዳለባት ድሬዳዋ ወረደ። የእርሳስ ፊደል ለሚለቅም ሠራተኛ ፈረንሳይኛና አማርኛ አንድ አልነበሩም። ለፈረንሳይኛው ጥቂት ደርዘን ሳጥን ይበቃዋል፤ ለአማርኛው ከ200 በላይ ጎድጓዳ ያለበት ሰሌዳ ፊት ቆሞ እያንዳንዷን ፊደል ከነቤቷ መፈለግ አለበት። «ፊደላችን በዛ» የሚለው የአንድ ምዕተ ዓመት ሮሮ የጀመረው ከዚህ ሰሌዳ ፊት ይመስለኛል።

የጽሕፈት መኪናው ችግሩን አባባሰው። ኢንጂነር አያና ብሩ አማርኛን አርባና ሃምሳ ቁልፍ ላይ ለማስፈር ሲጥሩ መላው አንድ ብቻ ሆነ፦ ፊደሉን መቆራረጥ። ግንዱን በአንድ ቁልፍ፣ እግሩን ወይም ቀለበቱን በሌላ ቁልፍ መምታት። በኋላ የየአውራጃው ጽሕፈት ቤት ያወቀው የኦሊቬቲ መኪናም በዚሁ መንገድ ይጽፍ ነበር፤ አንዳንዱ ፊደል ቀለበቱ ከጎኑ ፈንጠር ብሎ፣ አንዳንዱ እግሩ ተንጠልጥሎ። ከዚያ ዘመን የቀረ ደብዳቤ ያየ ሰው መልኩን አይረሳውም።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከተማዋን ከበው የሚኖሩት የኢቱ ኦሮሞዎች ቋንቋ የሚጻፍበት ሕጋዊ መንገድ አልነበረውም። እዚያው ሐረርጌ ውስጥ ሼክ በክሪ ሳጳሎ የሚባሉ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1956 ለኦሮምኛ ድምፅ ልክ የተሠራ የራሳቸውን ፊደል አወጡ። ተማሪዎቻቸው በድብቅ ተጻጻፉበት፣ መንግሥት ደረሰበት፣ እሳቸውም በመጨረሻ ሶማሊያ በስደት አረፉ። ያ ፊደል እስከ ዛሬ በየትኛውም ኮምፒውተር መደበኛ ሰንጠረዥ ውስጥ ቁጥር አልተሰጠውም።

ከአብዮቱ በኋላ ኦሮምኛ በግዕዝ ፊደል አደባባይ ወጣ። «በሪሳ» ጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በ15 ቋንቋዎች፣ ሁሉንም በዚሁ ፊደል፣ ገበሬውን ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጠው። አማርኛ ለሌለው ድምፅ አናቷ ላይ ምልክት የደፋች ‹ዸ› ከነሰባት ቤቷ አገልግሎት ላይ ዋለች። ይህችን ፊደል አስታውሱልኝ፤ ቆይታ ትመለሳለች።

በእነዚያው ዓመታት ኮምፒውተር ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ዕቃ ሆነ። ካሊፎርኒያ ይኖሩ የነበሩት ፍሥሐ አጥላው «ዳሸን» የተባለውን የአማርኛ መጻፊያ ሠሩ፤ አዲስ አበባ ውስጥ «አጋፋሪ» ተሠራ፤ ሌሎችም ተከተሉ። ሁሉንም ያጠበባቸው አንድ ቁጥር ነበር፦ 256። የዚያ ዘመን ኮምፒውተር አንድን ሆሄ በአንድ ባይት ስለሚይዝ በአንድ የፊደል ገበታ ላይ ከ256 በላይ ምልክት አይገባም፤ ከዚያም ላይ ግማሹን እንግሊዝኛው ቀድሞ ይዞታል። መፍትሔው ብልጠትም ማታለልም ነበር። የላቲኑን ‹ኤ› አውጥቶ በቦታው የአማርኛ ፊደል መሣል! ማሽኑ እንግሊዝኛ የጻፈ ይመስለዋል፣ ሰውየው አማርኛ ያያል። ያልበቃው ፊደል ወደ ሁለተኛ ፎንት ይዛወራል፣ ወይም እንደ ጽሕፈት መኪናው ተቆራርጦ ይገጣጠማል። እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን ድልድል ስላወጣ ደግሞ የአንዱ ‹ጭ› በሌላው ፎንት ላይ ሌላ ነገር ነው።

ከዚያ እ.ኤ.አ. 1991 መጣ። ያ ዓመት ለኢትዮጵያ ምን እንደነበር መናገር አያሻም። በዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ ግን ሦስት ነገሮች፣ አንዱ ሌላውን ሳያውቅ፣ በሦስት ወር ጊዜ ውስጥ ሆኑ። በኦገስት መጨረሻ የሄልሲንኪው ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ለጨዋታ የጀመረውን የኮምፒውተር ሥርዓት፣ ሊነክስን፣ ይፋ አደረገ። በኦክቶበር የዓለምን ፊደላት ሁሉ በአንድ ሰንጠረዥ ለመቁጠር የተነሳው የዩኒኮድ የመጀመሪያ እትም ታተመ፤ የግዕዝ ፊደል ግን አልገባበትም። ጥቅምት 23 ቀን 1984 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡ ሰዎች ኦሮምኛ በላቲን፣ ማለትም በቁቤ፣ እንዲጻፍ ወሰኑ።

ውጤቱን ጭሮ ላይ ሆኖ ማየት ነው። ከሒርና እስከ ገለምሶ፣ ከበደሳ እስከ መቻራ የቢሮው ቋንቋ ኦሮምኛ ሲሆን ኮምፒውተሩ ምንም አልተጠየቀም። ቁቤ ተጨማሪ ሆሄ የለውም፤ አሜሪካ የተሠራ ማንኛውም ኪቦርድ ይጽፈዋል። የሚያስቸግረው ሁዻ የሚባለው ነጠላ ጭረት ብቻ ነው፤ «ሐርአ» (ዛሬ) የሚለውን ቃል ሲጽፉ መሐል ላይ ይገባል። የጽሑፍ ፕሮግራሙ የጥቅስ ምልክት መስሎት ያጎብጠዋል። ከዚያ ቀጥ ባለው ጭረት ብትፈልጉት «የለም» ይላችኋል። ትንሽ ነገር ናት፣ ግን በየደብዳቤው አለች። አማርኛ የሚጽፈው ጎረቤት ደግሞ ከነፎንት ዲስኩ እየዞረ ይለምናል።

ውጭ አገር ያሉት ኢትዮጵያውያን ሌላ ዘዴ ፈለጉ። ኢሜይል ፎንት ስለማይሸከም ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ «ሴራ» የተባለውን ሥርዓት አወጡ፦ ግዕዙን በላቲን ሆሄ በሕግ መጻፍ፣ ትንሹን ‹ቲ› ለተ፣ ትልቁን ‹ቲ› ለጠ። ስሙ ላይ ስቄ አላውቅም አልልም። ይህ ሴራ ግን ጃፓን ደረሰ። ጹኩባ ከተማ በሚገኘው የኤሌክትሮቴክኒክ ላቦራቶሪ ታካሃሺ ናኦቶ የተባለ ተመራማሪ ኢማክስ የተባለውን መጻፊያ ግዕዝ አስተማረው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ኢማክስ 20 ሴራን ወደ ፊደል፣ ፊደልን ወደ ሴራ የሚገለብጥ ትእዛዝ ይዞ ወጣ። ሊነክስ ላይ አማርኛ በነፃ መጻፍ ካስቻሉት ቀዳሚ መሣሪያዎች አንዱ ይህ ነው። ዛሬም ሊነክስ ላይ አማርኛ በድምፁ የሚጽፍ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት መሣሪያ ከዚያው የጃፓን ቡድን እጅ የወጣ ነው።

እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 ዩኒኮድ 3 ሲወጣ ፊደላችን ገባ። ከ4608 እስከ 4991 ባለው ክልል ውስጥ 345 ምልክቶች። ፩ እና ፼ አሉ፤ ሁለት ነጥብና አራት ነጥብ ለየብቻቸው ቁጥር አገኙ። ያቺ ‹ዸ›ም በ4856 ተቀመጠች። ኦሮምኛ ግዕዝን ከተወ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር! ሠርጉ ካለፈ በኋላ እንደተሰፋ ቀሚስ ነገር፤ ታሪክን ለሚገለብጥ ሰው ግን፣ የዚያን ዘመን በሪሳ ወደ ኮምፒውተር ለሚያስገባ፣ የምትተካው የለም። ኋላም፣ እ.ኤ.አ. በ2005፣ በ2010 እና በ2021 ለጉራጌ፣ ለጋሞ፣ ለጉሙዝና ለሌሎች ተጨማሪ ፊደላት ተጨመሩ።

ሰንጠረዡ ግን ገና ሐሳብ ነው። ቁጥሩ ዲስክ ላይ በምን መልክ ይቀመጥ የሚለው ሌላ ጥያቄ ሲሆን መልሱን ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1992 ኒው ጀርሲ ውስጥ እራት ሲበሉ በሰሃን ማስቀመጫ ወረቀት ላይ ነደፉት፤ ዩቲኤፍ-8 ይባላል። የእንግሊዝኛው ሆሄ እንደ ድሮው አንድ ባይት ይይዛል፣ የሌላው እየጨመረ ይሄዳል። የእኛው እያንዳንዱ ሦስት ይበላል። «ጭሮ» በቁቤ አምስት ሆሄ ናት፣ አምስት ባይት። በእኛ ሁለት ፊደል ናት፣ ስድስት ባይት፦ 225፣ 140፣ 173 ለጭ፤ 225፣ 136፣ 174 ለሮ። አሰበ ተፈሪ ከነክፍተቷ 19።

እነዚህን ስድስት ቁጥሮች በድሮው የምዕራብ አውሮፓ ሥርዓት የሚያነብ ማሽን ካጋጠማችሁ 225 ለእሱ አናቷ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን ‹አ› ናት። ኢሜይል ሙሉ በሙሉ በዚያች ሆሄና በኮፍያ ምልክት ተጥለቅልቆ ያያችሁ ሰዎች ይህን ነው ያያችሁት፤ ከፊደላችን ከአብዛኛው ፊት ያቺው 225 ስለምትቆም ነው። ሊነክስ ደግሞ ቋንቋው ሳይነገረው ከተነሳ «ጭሮ» ብላችሁ የሰየማችሁትን ፋይል የማይነበብ የምልክት ክምር አድርጎ ይዘረዝረዋል። ፋይሉ ደህና ነው። ማሽኑ ነው ምን እንደሚያነብ ያልተነገረው።

የሚነገረው በሎኬል ነው። ሎኬል ማለት የአንድ ቋንቋና አገር የልማድ መዝገብ ነው፤ የቀን ስም፣ የወር ስም፣ የገንዘብ አጻጻፍ፣ የፊደል ቅደም ተከተል፣ ከሁሉ በፊት ግን የትኛው የፊደል ኮድ እንደሚነበብ። የአማርኛው ስም ሁለት ትንንሽ ሆሄ ለቋንቋው፣ ሁለት ትልልቅ ሆሄ ለኢትዮጵያ አድርጎ ይጻፋል። ይህንን መዝገብ ለሊነክስ መሠረታዊ ላይብረሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ያዘጋጀው ዳንኤል ያዕቆብ የሚመራው የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ነው፤ ለኦሮምኛው ከሰገሌ ኦሮሞ አሳታሚ ጋር ተባብሯል። አፋርኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ ትግርኛ፣ ብሌን ተከተሉ። ግዕዝ ራሱ በሀለሐመ ብቻ ሳይወሰን በአበገደ የሚደረደርበት ልዩ ሎኬል አለው። የሚያስቀው፣ ቤተ ክህነት ካልሆነ ማንም የማይናገረው ቋንቋ አራት ሎኬል ሲኖረው በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ ኦሮምኛ አንድም የለውም።

ደቢያን በተባለው የሊነክስ ዓይነት ላይ ሥራው የሚያስፈራ አይደለም። የሎኬሎች ዝርዝር ያለበትን ፋይል ከፍቶ፣ ከምትፈልጉት መስመር ፊት ያለችውን መሰላል ምልክት አጥፍቶ፣ ሎኬል-ጄን የሚባለውን ትእዛዝ ማስኬድ፣ ወጥቶ መግባት። መስኮት በሌለበት በጥቁሩ ገጽ ላይ ሳይቀር፣ 512 ምልክት ብቻ በሚገባበት፣ «ጎሐ» የተባለ የፊደል ገበታ ፊደላችንን አጭቆ አስገብቶታል። ይህን የሠራ ሰው ትዕግሥቱ ይገርመኛል።

የተማረው ሕዝብ ግን ሊነክስን አልጠበቀም። እ.ኤ.አ. በ2007፣ የእኛ ሁለት ሺህ በገባበት ዓመት፣ ማይክሮሶፍት ቪስታ የተባለውን ዊንዶውስ ሲያወጣ «ኒያላ» የሚባል የግዕዝ ፎንት አብሮ መጣ። ስሙ ከደጋ አጋዘን ነው። የደጋ አጋዘን ለማየት ባሌ መሄድ የለባችሁም፤ ከጭሮ ብዙ ሳትርቁ የኩኒ ሙክታር ተራራ መጠለያ የተከለለው ለዚሁ እንስሳ ነበር። የጭሮው ታይፒስት በጎረቤቱ ተራራ እንስሳ ስም ሲጽፍ ውሎ ማደሩን የነገረው ያለ አይመስለኝም። ሊነክሱ በበኩሉ አቢሲኒካን፣ ቆይቶ ደግሞ ኖቶን አገኘ። ከዚያ ስልኩ መጣና ፊደል ባለበት ሁሉ ይታይ የነበረው ባዶ ሳጥን እየቀነሰ ሄደ። የጽሑፍ መልእክት ላይ ብቻ ኪሳራው ቀረ፤ በቁቤ 160 ሆሄ የሚይዘው አንድ መልእክት በግዕዝ 70 ብቻ ይይዛል።

በጭሮ መናኸሪያ አካባቢ ካሉት የኮምፒውተር ጽሑፍና ፎቶ ኮፒ ቤቶች አንዱን በ2017 ዓ.ም. በታኅሣሥ ጎብኝቼ ነበር። ልጁ ያረጀ ላፕቶፕ ላይ ኡቡንቱ የተባለውን ሊነክስ ጭኗል፤ ምክንያቱ ፍልስፍና አልነበረም። የደንበኛ ፍላሽ በገባ ቁጥር ፋይሉን ሁሉ ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ አሰልችቶት ነው። አንድ ሽማግሌ የ1992ቱን የዕድር መተዳደሪያ ደንብ በፍላሽ ይዘው መጥተዋል። ስንከፍተው ገጹ በሙሉ ትርጉም የለሽ ላቲን ነው፤ መሐል ላይ የዶላር ምልክት፣ ቅንፍ፣ እንደገና ትልልቅ ሆሄ። የድሮ ፎንት ነበር፤ ማሽኑ በ1992 እንግሊዝኛ የጻፈ መስሎት የቀረው እንደዚያው ቁጭ ብሏል።

መፍትሔው አሰልቺ ነው። ልጁ የታተመውን ወረቀት ከገጹ ጎን አስቀምጦ ይህች ሆሄ ለዚያች ፊደል እያለ ሰንጠረዥ ሠራ፤ እኔም የመለወጫ ትእዛዙን ጻፍኩለት። ከሰዓታት በኋላ ደንቡ አማርኛ ሆነ። አራት ነጥቦቹ ግን ሁሉም ሁለት ሁለት ነጥብ ተደጋግሞ የተጻፈባቸው ነበሩ። ይህ የዚያ ዘመን ጣት ልማድ ነው፤ ዛሬም በዩኒኮድ የሚጽፉ ብዙዎች አልተዉትም። ለዐይን አንድ ይመስላል፣ ማሽኑ ግን ዓረፍተ ነገሩ የት እንዳለቀ አያውቅም። እነሱንም ለወጥን። ከተማዋ በአንድ ገጽ ላይ «አሰበ ተፈሪ»፣ በሌላው «ዐስበ ተፈሪ» ተብላለች፤ አልፋው አ 4768፣ ዐይኑ ዐ 4816 ነውና ያንን ለማሽን ማስረዳት ይቅር ብለን ተውነው።

ችግሩ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ሽማግሌው በኦሮምኛ አጭር ማመልከቻም ይፈልጋሉ። ልጁ የማሽኑን ቋንቋ ኦሮምኛ አድርጎታል፤ ቀኑን ራሱ እንዲያስገባ ሊብሬኦፊስ የተባለውን መጻፊያ አዘዘው፤ «አማጂ 2፣ 2025» ብሎ አስገባ። ሽማግሌው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩትና፦

«አቦ፣ ገና ሙዴ ነው እኮ!»

«ጋሼ፣ ማሽኑ ነው ያለው።»

«እና ማሽኑ ይግባ እስር ቤት?»

ሽማግሌው ልክ ናቸው። የአማርኛው ሎኬል ወሩን «ጃንዩወሪ» ይለዋል፤ ለጆሮ ይጎረብጣል፣ እኔም ስንቴ ተሳድቤበታለሁ፣ ግን የፈረንጅ ወር መሆኑን አይደብቅም። የኦሮምኛው ግን ከአማጂ ጀምሮ ጉራንዻላ እያለ እስከ ሙዴ የራሱን ስሞች ከፈረንጁ ወሮች ላይ ለጥፏቸዋል። በየቢሮው ግን ሙዴ ማለት ታኅሣሥ፣ አማጂ ማለት ጥር ነው፤ ጥር የሚብተው የፈረንጁ ወር በገባ በዘጠነኛው ወይም በአሥረኛው ቀን ነው፤ ዓመቱም ሌላ። ስለዚህ በማሽኑና በቢሮው መካከል ያለው ልዩነት ስሙ አንድ ሆኖ ትርጉሙ ሁለት ነው፤ ከጃንዩወሪ የባሰ የሚያሳስት።

ማስተካከልስ? ሎኬሉ ለወር ያለው 12 ክፍት ቦታ ነው። ከሥሩ ያለው የሲ ቋንቋ ወርን ከ0 እስከ 11 ይቆጥራል፤ ለጳጉሜን፣ ወይም ኦሮምኛው እንደሚላት ለቃሜ፣ ወንበር አልተዘጋጀም። ኬዲኢ 4 የተባለው የሊነክስ ገጽታ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ከሌሎች ጋር ያስመርጥ ነበር፤ ቀጣዩ ትውልድ ሲመጣ ያንን ክፍል ተዉት። ልጁ ይህን ሁሉ ስነግረው አልተገረመም። የጊዜ አጻጻፉን ብቻ ወደ እንግሊዝኛ መለሰ፣ ሌላውን ኦሮምኛ ተወው፤ ሊነክስ ላይ ይህን ለየብቻ ማድረግ ይቻላል። ከዚያ አውቶማቲኩን ቀን አጠፋና አንገቱን ወደ ግድግዳው አቀና። አንድ የቡና ነጋዴ በስሙ ያሳተመው የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ ሽማግሌውም ጣታቸውን ወደዚያው ዘረጉ። በእጁ «ሙዴ 24፣ 2017» ብሎ ጻፈና ወደ ፕሪንተሩ ላከው።